ትንሽ መኪና ይዘው ጸጥታ ለሚመኙ

በመጀመሪያ ጠላትዎን በትክክል ይለዩ። ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው ጩኸት በሰማ ቁጥር ሞተሩን ያማል፤ ሞተሩ ነጻ ሲወጣ ጭስ ማውጫውን፣ ጭስ ማውጫው ነጻ ሲወጣ የመጨረሻውን መካኒክ። ጎማውን የሚጠረጥር የለም። ጥቁር፣ ክብ፣ ምስኪን ነገር ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ነገር ግን መኪናዎ ፍጥነቱን ሳይቀያይር በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከሞተሩ ይልቅ የሚጮኸው እሱ ነው።

ካላመኑ ቪትዝዎን ይዘው በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ይግቡ። በአሮጌው መንገድ በዱከም አድርገው ሲሄዱ ይህ ችግር አልነበረብዎትም፤ ከሲኖትራክ ኋላ በ30 የሚጎተት ሰው ስለ ጎማ ድምፅ አያወራም፣ ሌላ ብዙ የሚያወራው አለው። እዚህ ግን መንገዱ ነጻ ነው፤ 100 ሲደርሱ አጠገብዎ ከተቀመጠው ሰው ጋር በጥቅሻ መግባባት ይጀምራሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጎማ ድምፅ ከ9 እስከ 12 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ጆሮ ደግሞ የ10 ዴሲቤል ጭማሪን የሚቀበለው «ጩኸቱ እጥፍ ሆነ» ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ፈጣኑን መንገድ በ50 እንዲነዱት ነው። የጎማው ድምፅ በግማሽ ይቀንስልዎታል፤ የተረፈውንም ከኋላ የሚመጡት ሰዎች በክላክስ ይሸፍኑልዎታል።

ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅም ይጠቅማል፤ ባይቀንስም በእውቀት ይበሳጫሉ። የጎማው ጥርሶች አንድ በአንድ አስፋልቱን ይመታሉ፤ በጥርሶቹ መሐል የታፈነው አየር ተጨምቆ ይወጣል፤ ጎማው ውስጥ ያለው አየርም በበኩሉ ከ200 እስከ 250 ኸርዝ አካባቢ ያንጎራጉራል። ከዚያ በኋላ ንዝረቱ በቸርኬው፣ በሾኩ አድርጎ ወደ ወለሉ ይወጣል። መሰንቆን ያስቡ። ጭራ በጭራ ሲፋቅ የሚወጣው ድምፅ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቤቱን የሚሞላው በቆዳ የተወጠረው ሳጥን ነው። ጎማና አስፋልት ጭራና ጭራ ናቸው። ቪትዝ ሳጥኑ ነው። እርስዎ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል።

መሐንዲሶቹ ይህን አላጡትም። በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው፤ ነዳጅ የምትቆጥበውም በዚሁ ነው። ድምፅ የሚያግደው ደግሞ ክብደት ነው። በግምት የአንድ ቆርቆሮ ክብደት እጥፍ ሲሆን አልፎት የሚገባው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሁነኛ መፍትሔ የሚሹ ከሆነ ሁለተኛ ቪትዝ ገዝተው የመጀመሪያዋን ያልብሷት።

አቅም ካልፈቀደ ሶማሌ ተራ ይውረዱ። ጀርባው በአሉሚኒየም የተለበጠ፣ ወለልና በር ላይ የሚለጠፍ የጎማ ንጣፍ ይጠይቁ። በእርግጥ ይሠራል፤ የቆርቆሮውን ንዝረት ይገድለዋል። ነገር ግን ሻጩ «ያው ነው» እያለ የጣሪያ ሬንጅ እንዳይሰጥዎት ይጠንቀቁ። ያው አይደለም። ፀሐይ ላይ አቁመው ሲመለሱ መኪናዎ ገና እንደተነጠፈ መንገድ ይሸትታል፤ ከመንገዱ ሸሽተው መንገዱን ውስጥ አስገቡት ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። እውነተኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ጎረምሳ ከሆኑ ሰፊ ጎማና ስፖርት ቸርኬ ማስገባትዎ አይቀርም፤ ሰፊ ጎማ በአብዛኛው የበለጠ እንደሚጮኽ እያወቁ ያስገቡት እንጂ አልከለክልዎትም። ለሌሎቻችን የሚሻለው ፋብሪካው ያዘዘው ቀጭን ጎማ ነው፤ ንፋሱም በሾፌሩ በር ጠርዝ በተለጠፈው ወረቀት ልክ ይሞላ። ሲገዙ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይጮኻል። ሻጩ «ምንም ያልተነካ ነው!» ቢልዎት እውነቱን ነው፣ ለዓመታት ማንም አልነካውም።

አንዳንድ ጎማ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ተለጥፎ ያገኛሉ፤ የድምፅ መጠን በዴሲቤል ተጽፎበታል። ትንሹን ቁጥር መርጠው ደስ ብሎዎት ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ቁጥሩ የሚለካው ሞተር ጠፍቶ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው ሲያልፍ፣ መንገድ ዳር በተተከለ ማይክሮፎን ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማ አይናገርም። እርስዎ ከፍለው ጎረቤትዎ ያርፋል ማለት ነው፤ ለዕድር ስብሰባ ጥሩ መነሻ ነው።

ከዚህም የተራቀቀ አለ፦ አየሩ እንዳያንጎራጉር ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ጎማ። ኮንቲኔንታል «ኮንቲሳይለንት» ብሎ ይሸጠዋል። ተገኝቶ ቢገዙት እንኳ መጀመሪያ ምስማር የወጋው ቀን ጎሚስታው ይፈታውና «ጌታው፣ ውስጡ ፍራሽ ገብቶብዎታል» ብሎ በነጻ ያወጣልዎታል።

ኩሽኔታ ለማስቀየር ከመቸኮልዎ በፊት ደግሞ ይህን ያድርጉ። የሚጮኸው ነገር አዲስ አስፋልት ላይ ዝም ብሎ አሮጌው ላይ የሚነሳ ከሆነ ጎማ ነው። መንገዱ ቢለወጥም ካልተለወጠ፣ ነገር ግን መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛውረው ድምፁ አብሮ ከተዛወረ ግን ጥፋተኛው ጎማው ነው፤ ነገሩ አለቀ። ይህን ምክር ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብለው አይናገሩት። አራት ኩሽኔታ ቀይሮ ድምፁ እንዳለ ያስረከበ መካኒክ ሁልጊዜም አምስተኛ ሐሳብ አለው።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ መገላገል ያሰቡም አይጠፉም፤ በ2016 ዓ.ም መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ሐሳቡ ምርጫም አይደለም። ሞተሩ በእርግጥ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ነው ጎማው ያለ አጃቢ ለብቻው ሲዘፍን የሚሰሙት። አውሮፓ ኤሌክትሪክ መኪኖች እግረኛ እንዳይገጩ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ሕግ አውጥታለች፤ ግዴታው ግን እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ጎማው ራሱ በቂ ነው ተብሎ ታምኖበታል። በሕግ የታወቀ ጩኸት ተሸክመው ነው የሚሄዱት።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ተሳካልዎት እንበል። ጎማው አዲስ፣ ንፋሱ ልክ፣ ወለሉ የተነጠፈ። የጎማው ጩኸት ሸፍኖት የኖረው ሁሉ አሁን ይወጣል፦ የዳሽቦርዱ ኪስ ይንቀጫቀጫል፣ የኋላው ቀበቶ በሩን ይመታል፣ የሆነ ቦታ የወደቀች ሳንቲም በየመታጠፊያው ትንከባለላለች። ቢሾፍቱ ሲደርሱ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት አክስትዎ፣ ድሮ አዳማ እስኪደርሱ ዝም ይሉ የነበሩት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው «ለመሆኑ ልጅ የምታሳዩኝ መቼ ነው?» ይላሉ። አይደንግጡ። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉት፤ በ100 ፍጥነት በዚያች ክፍተት የሚገባው ነፋስ እስከ ክፍያ ጣቢያው ድረስ ይበቃል።