ችግኝ ከፎቶ በኋላ

የመስከረም የችግኝ እንክብካቤ፣ በሐምሌ ተተክሎ ፎቶ የተነሣን ችግኝ ዳግመኛ ሳያዩ የመክረም ሥራ ነው። ሥራው በዋናነት የመሥሪያ ቤቶች ሲሆን፣ ጭቃው ደርቆ አደይ አበባ ከፈነዳበት ሳምንት አንሥቶ እስከሚቀጥለው ሰኔ ይዘልቃል።

ወቅቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ሲወጣ ዝናቡ ያባራል፤ በልግ እስኪገባ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ሥሩ ገና ያልጠለቀ ችግኝ የሚፈተነው በዚህ በመጀመሪያው በጋው ነው። ስለዚህ ጓሮ ያላቸው ሰዎች በመስከረም ዙሪያውን ይኮተኩታሉ፤ አረሙን ይነቅላሉ፤ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ይጎዘጉዛሉ፤ በእሾህ ያጥሩታል። ይህ ልማዳዊ አሠራር ግን ሦስት ከባድ ጉድለቶች አሉበት፦ ባነር አይሰቀልበትም፣ ቲሸርት አይታተምለትም፣ አበል አይታሰብበትም።

ዘመናዊው አሠራር መሠረቱ የሚጣለው በተከላው ዕለት ነው። ጉድጓዱን የቀን ሠራተኛ በዋዜማው ቆፍሮ ያሳድራል። በማግስቱ የክብር እንግዳው አዲስ ጓንት አጥልቆ ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ ያቆመዋል። ፕላስቲኩ መቀደድ እንዳለበት የሚያውቀው ቆፋሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ፎቶው እንዳይበላሽ ገለል እንዲል ተደርጓል። ሥሩም መውጫ አጥቶ በከረጢቱ ውስጥ እንደ ልቃቂት ይጠመጠማል። የዚህ ጥቅም ኋላ ይታያል፤ ችግኙ ሲደርቅ ያለ ዶማ በሁለት ጣት ተመዝዞ ይወጣል።

መስከረም ሲጠባ የሚከተለው አረም ነው። አረሙ በዚህ ጊዜ ከችግኙ ስለሚረዝም አይነካም፤ የጠወለገውን ከዓይን የሚጋርድ ከእሱ የተሻለ መጋረጃ አይገኝምና። ውሃ ማጠጣትም በጥንቃቄ ይከናወናል። ችግኙ ግቢ ውስጥ ያለ እንደሆነ፣ ሾፌሩ በየጠዋቱ መኪና የሚያጥብበት የውሃ ጎማ አራቱን የመኪና ጎማ አዳርሶ ችግኙ ጋ ሲደርስ ያጥራል። ተራራ ላይ የተተከለውን ደግሞ የሚጎበኘው አንድ አካል ብቻ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ከብት በሚለቀቅበት ጊዜ ፍየል ሳትጠራ ቦታው ድረስ ትሄዳለች፤ ያገኘችውንም እዚያው ታጠናቅቃለች።

የመጨረሻው ሥራ ቆጠራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ የመትከያው ቀን በየዓመቱ በነጋሪት ይጠራል፤ የጸደቀው የሚቆጠርበት ቀን ግን ሰልፍም ዘፈንም የለውም። በአማርኛ ችግኝም ነፍስም ይጸድቃሉ። ተካዩ በተከለበት ዕለት፣ ቲሸርቱን ሳያወልቅ ይጸድቃል፤ የችግኙ ጽድቅ ግን የበጋውን ፍርድ ይጠብቃል። ሪፖርቱ ስለ ተካዩ የሚጻፍ በመሆኑ ውጤቱ ሁልጊዜ አመርቂ ነው።

ሰኔ ሲመለስ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም። የአምናውን ፕላስቲክ መዝዞ የዘንድሮውን ማስገባት ይበቃል።