አቋራጭ የሚያውቀው ጎበዝ

በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራው ጎበዝ ጃንጎ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ይወዳል። ጃንጎም ካንሳስ ውስጥ ከአንድ ጋዜጣ ቢሮ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነ ነውና ጥድፊያን ያውቃል። ጥድፊያውን ተቀብለናል፤ መመሪያውን ማንበቡ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሳይቱ ለሕዝብ በሚከፈትበት ዕለት ጎበዙ የስህተት ዝርዝር የሚያሳየውን «ዲበግ» የተባለ ቅንብር ያጠፋል። ገጹም ሲኤስኤሱንና ሎጎውን ጥሎ እርቃኑን ብቅ ይላል። ዲበግ ሲጠፋ የመለማመጃው ሰርቨር ስታቲክ ፋይሎችን ማቅረብ ያቆማል፤ በ«ኮሌክት ስታቲክ» ሰብስቦ ለኤንጂንኤክስ ወይም ለዋይትኖይዝ ማስረከብ ነበር። ጎበዙ ግን አቋራጭ ያውቃል፦ ዲበግን መልሶ ያበራዋል። ከዚያ ወዲያ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱ ጓዳ ለአላፊ አግዳሚው ወለል ብሎ ይታያል። ግልጽነት ይሏል ይህ ነው!

400 የሚል ስህተት ሲመጣስ? «አላውድ ሆስትስ» በተባለው የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ላይ የዶሜኑን ስም መጻፍ ሲበቃ፣ ኮከብ ምልክት ጣል ያደርግበታል፤ ቤት ለእንግዳ ነዋ! ማይግሬሽን እምቢ ካለ ደግሞ ዳታቤዙን ይሰርዛል። ደንበኛው ደውሎ «ወንድሜ፣ የትናንቱ ትዕዛዝ ሁሉ የት ገባ?» ሲል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እስቲ ሪፍሬሽ ያድርጉት።»

ደንበኞች ሆይ፣ ሪፍሬሹን ተዉትና ባክአፕ መኖሩን ጠይቁ።