አያ ቆጣሪ እና ሁለቱ ወንድማማቾች

ተረት ተረት። በአንድ በታሸገ መጋዘን ውስጥ ድቡልቡልና ዝርግ የሚባሉ ሁለት የፕሉቶኒየም ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። ከአንድ ማቅለጫ የወጡ፣ በግራም እንኳ የማይበላለጡ ናቸው። የሚለያዩት በቅርጽ ብቻ ነው፤ አንዱ እንደ ስሙ ተድቦልቡሏል፣ ሌላው እንደ ቂጣ ሳስቶ ተዘርግቷል።

በመጋዘኑ ሕግ የሸንጎ ወንበር የሚሰጠው በብዛት ነው። ብዛትን የሚናገረው ደግሞ የሎስ አላሞስ ተወላጅ የሆነው አያ ቆጣሪ ነው። ሆዱ ባዶ ጉድጓድ፣ ጎኑ ፖሊኢትሊን፣ ጆሮዎቹ በጎኑ ውስጥ የተደረደሩ ሂሊየም 3 የተሞሉ ቱቦዎች ናቸው። ሚዛን ጠፍቶ ነው ወይ እንዳትሉ፤ የሚኖሩበት ጣሳ የታሸገ ነው፣ ሚዛን ደግሞ እርሳስን ከፕሉቶኒየም አይለይም።

አያ ቆጣሪ የሚያዳምጠው ጩኸት ነው። ሁሉ የሚፈራው ፕሉቶኒየም 239 ዝምተኛ ነው ማለት ይቻላል። የሚለፈልፈው አብሮት የሚኖረው 240 ነው፤ አንድ ግራሙ በሰከንድ 1,000 ያህል ኒውትሮን ይተፋል። አንድ አቶም ሲሰነጠቅ ሁለት ሦስት ኒውትሮን አብረው ስለሚወጡ፣ አያ ቆጣሪ ተከታትለው የደረሱትን በጥንድ ይቆጥራል። ከጥንዱ 240ን ይገምታል፤ በቤተሰቡ ውስጥ የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከ240 ተነስቶ ሁሉንም ይደርስበታል።

ዝርግ ገባ። ኒውትሮኖቹ የትም ሳይደናቀፉ በሰፊው ገጹ ሾልከው ወጡ። ድቡልቡል ገባ። ከመሃል የተነሳ ኒውትሮን መውጫው ሩቅ ነው፤ መንገድ ላይ ከዝምተኛው 239 ጋር ይላተማል፣ እሱም ተሰንጥቆ ሌሎች ሁለት ሦስት ይለቃል። ዕድሜ ልካቸውን ዝም ያሉት ሳይቀሩ ጮኹ።

«ድቡልቡል ይበልጣል» ሲል አያ ቆጣሪ ፈረደ። ድቡልቡል ሊቀመንበር ሆነ።

ይህን ያዩ የዝርግ ልጆች «እኛም ተጠቅልለን አንድ ላይ እንከማች» ብለው ተነሱ። ዘበኞቹ ደንግጠው ከለከሏቸው። ጣሳ ከጣሳ ተራርቆ የሚደረደረው ለወጉ አይደለም፤ ጩኸት ጩኸት እየወለደ ማቆሚያ ካጣ መጋዘኑ ውስጥ የሚተርፍ የለም። ልጆቹን ግን ማን ይወቅሳቸዋል? ወንበር የሚያስገኘውን መንገድ አይተው ነው።

እዚያው ጎረቤት ወፍራሟ እመት ዩራኒየም ትኖራለች። እሷ ሳይጠይቋት አትናገርም። አያ ቆጣሪ ከላይና ከታች የአሜሪሲየም ሊቲየም ምንጭ አስቀምጦ፣ ፍጥነታቸው በበረደ ኒውትሮኖች ጠየቃት። ያገኘው መልስ ትንሽ ነበር።

«አነስሽብኝ» አላት።

«አያ፣ የጠየቁት እኮ ደጄ ላይ የቆሙትን ነው» አለች። «ቆዳዬ ጥያቄዎን ውጦ አስቀረው፤ እልፍኝ ያሉት መጠየቃቸውንም አልሰሙ።»

አያ ቆጣሪ ሌሊቱን ሲያብሰለስል አደረ። አንዱን መከማቸቱ አበዛው፣ ሌላዋን መከማቸቷ አሳነሳት! ክፉ ዳኛ አልነበረም። ያጠፋው ቀመሩ ነው፤ ፊቱ የቀረበውን ሁሉ እንደ ነጥብ ያያል፣ ነጥብ ደግሞ መሃልና ዳር የለውም።

በማግስቱ ወንድማማቾቹን መልሶ ጠራ። አሁን ነጠላውንና ጥንዱን ብቻ ሳይሆን ሦስት ሦስት ሆነው የሚደርሱትንም ቆጠረ። ሦስተኛው ቁጥር ከመተፋፈግ የተወለደውን ጩኸት ለይቶ እንዲቀንስ አስቻለው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ጩኸቱስ የእኔ አይደለም?» ብሎ ድቡልቡል ተቆጣ።

«ጩኸቱ ያንተው ነው» አለ አያ ቆጣሪ፣ «እኔ የተላክሁት ግን ክብደት እንድናገር ነው።»

ከዚያም ከቪየና ለሚመጡት የኑክሌር ተቆጣጣሪዎች በሚሞላው ቅጽ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ቅርጽ» የሚል ዓምድ እንዲጨመር ለሸንጎው አመለከተ። ሸንጎው ሦስት ቀን ተከራክሮ ዓምዱን ተቀበለ። ሊቀመንበሩ ድቡልቡልም ፊርማውን አኖረ፤ ከፊርማው በላይ ግን በገዛ እጁ «መሙላት በፈቃደኝነት ነው» የሚል መስመር ጨመረበት።