ከዘመድ ጋር ወደ ሰርግ በሚጓዙ ወጣቶች መጠጥ ላይ የወጣ አዋጅ

አዴት፣ ጥር 2014 ዓ.ም.

ባለፈው ዓመት ጥር በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ዳስ ውስጥ የተከሰተው አሳፋሪ ድርጊት እንዳይደገም መከላከል አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ጠላ የሚቀዳ እንጂ የሚሸጥ ባለመሆኑ፣ ደግሞም አዋጁ ስለ አክስቶች አንዲት ቃል ባለመተንፈሱ፤

በ18 ዓመቱ ማግባትና ድምፅ መስጠት የሚችል ሰው በ20 ዓመቱ አጎቱ ፊት ብርጭቆ ማንሳት ይችላል የሚል የተሳሳተ አመለካከት እየተስፋፋ በመምጣቱ፤

የዘመድ አዝማድ ሸንጎ ሽበት በሰጠው ሥልጣን የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአርፈሽ ተቀመጪ አዋጅ ቁጥር 1/2014» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ልጅ» ማለት ያላገባ ሰው ነው፤ ጺም፣ ደመወዝና ዲግሪ ይህን አይለውጡም። «መጠጥ» ማለት በጠርሙስ የሚመጣ ነው። ጠላ እህል ነው። አረቄ መድኃኒት ነው።

አንቀጽ 3፦ የጾታ አገላለጽ

በዚህ አዋጅ በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። ሥራን ሲመለከት።

አንቀጽ 4፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ አዴት በሚታጠፈው የአጎት «ኖህ» መኪና ለተሳፈሩ ሁሉ ይሠራል። በማግስቱ ዘጌ ገዳማትን ለመሳለም ጀልባ ከተያዘ ጣና ላይም ይጸናል። የፈረንጆቹ የመዝናኛ መርከቦች ከአሜሪካ ወደብ ሲነሱ የመጠጥ ዕድሜን 21፣ ከአውሮፓ ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ 18 እንደሚያደርጉ ለሸንጎው ተነግሮት በጣም ስቋል። እኛ ዕድሜ ለመለወጥ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ያው ልጅ ጓዳ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ዳስ ሲገባ ሕፃን ይሆናል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቅምሻ

1. ጠላ የሚቀዳ ልጅ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ ግዴታው ነው። ይህም እንግዳው እንዳይመረዝ ሲባል ነው። ልጁ ቢመረዝ ስለሚሆነው ነገር ሸንጎው ወደፊት መመሪያ ያወጣል።

2. ከመዳፍ የተጠጣ ጠላ እንደተጠጣ አይቆጠርም።

ሀ) መዳፉ ሰፊ ቢሆንም አይቆጠርም።

ለ) እንግዳው «ስትቀምሺ አላየሁም፣ ድገሚው» ካለ ሁለተኛውም አይቆጠርም።

ሐ) ጠላው ከጎረቤት የተዋጣ ከሆነ የየቤቱ ጋን ለየብቻው ይቀመሳል፤ የአንዷ ተቀምሶ የሌላዋ ከቀረ ኩርፊያው ፋሲካን ስለሚሻገር።

መ) ጠላው ጉሽ ከሆነ ከነአተላው ይዋጣል። መትፋት ጠማቂዋን መስደብ ነው።

ሠ) ልጁ «በቃኝ» ብሎ አክስት «በሞቴ» ካለች፣ በቃኝ የሚለው ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። «አፈር ስሆን» ከተባለ መዳፉ ቀርቶ በሽክና ይሆናል፤ ይህም አይቆጠርም።

ረ) ከሀ እስከ ሠ ያሉት ተደምረው ልጁን ካንገዳገዱት ግን ያን ጊዜ ይቆጠራል። ተጠያቂውም ልጁ ነው።

3. ብቅሉን ያበቀለች፣ አሻሮውን ያመሰች፣ ጌሾውን የወቀጠች፣ የዳጉሳው አረቄ ሲወጣ ጭስ ውስጥ ያደረች ልጅ ሥራዋ በቤተሰቡ ዘንድ እጅግ የተመሰገነ ነው። ይህ ምስጋና በቃልም በጽሑፍም አይገለጽም። (ይህን ንዑስ አንቀጽ ሸንጎው አላረቀቀውም። «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብዬ ጸሐፊ የተደረግሁት እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጭሱ ውስጥ ያደርኩትም እኔ ነኝ።)

4. ቀኑን ሙሉ ስትቀዳ የዋለች ልጅ ማታ እግሯን ዘርግታ ከእኩዮቿ ጋር አንድ ቢራ ከከፈተች ሸንጎው በአስቸኳይ ይሰበሰባል። በመግቢያው «አሳፋሪ ድርጊት» የተባለው ይኸው ነው። አንድ ቢራ። ግማሹን እንኳ አልጠጣሁትም። «የማን ልጅ ናት?» ተባለ፤ ያውም ከጠዋት ጀምሮ በስሜ እየጠሩ «ነይ ሙይልኝ» ሲሉኝ በዋሉ ሰዎች። ጠርሙሱ ከእጄ ተወስዶ ሚሪንዳ ተሰጠኝ። የቀረውን ቢራ የወሰደው ሰው ጠጣው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ወንዶች ልጆች

ከዳሱ ጀርባ የጠጣ ወንድ ልጅ አልታየም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ሾፌር

1. አጎት መንገድ ስላለበት ሲሰናበት ማበርቻ አረቄ ይቀዳለታል።

2. መንጃ ፈቃድ ያላት፣ ሚሪንዳ የጠጣች ልጅ መሪ መያዝ አትችልም። ምክንያት፦ ልጅ ናት።

3. አጎት አይሰክርም፤ ይጫወታል። አምና ከአዴት ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ በጣም ይጫወት ነበር። ከፊታችን የነበረውን ጋሪ ያየው እናቴ ስትጮህ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሕፃናት ጭኔ ላይ ተኝተዋል። ፍሬን ሲይዝ የአንደኛዋ ግንባር የፊቱን ወንበር መታ። ፈረሱ ደንብሮ ጋሪውን ወደ ቦዩ ሲጎትተው በመስኮት አየሁ። አጎቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «መብራት የሌለህ ደንቆሮ!» ብሎ ባለጋሪውን ሰደበና ነዳ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «መድኃኔዓለም አተረፈን» አለ፤ ሁሉም አሜን አሉ። እኔ ግን አረቄውን ማን እንደቀዳለት አውቃለሁ። «ቅጅለት» ተብዬ የቀዳሁት እኔ ነኝ። እንዳይመረዝብን በመዳፌ ቀምሼ ነው የሰጠሁት።

4. ንዑስ አንቀጽ 3 በሸንጎው ሙሉ ድምፅ ተሰርዟል።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

ቢራ ይዛ የተገኘች ልጅ የሽማግሌዎችን ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሰው ሊገድል ለጥቂት የሳተ አጎት «ኧረ ቀስ በል እንጂ» ይባላል፤ ይህም ክብሩን በጠበቀ መንገድ፣ ልጆች በሌሉበት።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ መንጃ ፈቃድ፣ መታወቂያና የልደት የምስክር ወረቀት ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የኖህ መኪናው ቁልፍ ከተገኘበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ይህ ሲጻፍ የሸንጎው አባላት ዳሱ ውስጥ ምንጣፍ እያነሱ፣ ኪስ እየገለበጡ በፍለጋ ላይ ናቸው። ቁልፉ ጌሾ የወቀጥኩበት ሙቀጫ ውስጥ ነው። ከእነሱ መካከል ጓዳ ገብቶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።