ድንኳን ለአሊ

አሊ የሞተ ዕለት ቤታችን እራት አልተበላም። ወጡ ምድጃ ላይ እንደተጣደ አረረ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም ወንድ ነኝና ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ጓዳ ገባሁ።

አሊን ለማታውቁት፣ በቱርኩ ድራማ የኩዜይ ባልንጀራ ነው። ኩዜይ ደግሞ የወንድሙን የጉኒን ጥፋት ተሸክሞ አራት ዓመት የታሰረ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ በኋላ ኢስታንቡልን ለቆ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ሳሎናችን ገባ። ድራማው ቱርክ ውስጥ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ ስለዚህ እኛ ደረት ስንመታ ሟች ሌላ ሥራ ይዞ ደመወዝ ይቀበላል። ቢሆንም መርዶ ዘገየ ተብሎ ለቅሶ ይቀራል እንዴ?

በዚያው ሳምንት አጥር የምንጋራቸው አዛውንት አረፉ። ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። እናቴ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ስባ፣ «ዕድሜ ጠግበዋል መቼም» አለች። እውነቷን ነው። ለእሳቸው ድንኳን መትከል፣ ወንበር መሸከም፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ሦስት ሌሊት ማምሸት አለ። አሊ ምን ጠየቀን? መብራት ብቻ።

ደግነቱ፣ ዕድር ያስቀጣልና ሄድን። ባለቤታቸው እያነቡ ሳለ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። «ልጄ፣ ኩዜይ ጀምሮ ይሆን?» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ያለቀስነው ከልባችን ነው።

ወንዶች፣ ጥርሳችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ካስቶሎ የሚባል አጥቂ አለው። ፔስ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ማስተር ሊግ ሲጀመር ከሚታደሉት የፈጠራ ተጫዋቾች አንዱ ነው፤ እናት አልወለደችውም። ልጁ ግን የካስቶሎን ፍጥነት በቁጥር ይነግርሃል፤ አያቱ የሚውጡት ኪኒን የስንት ሰዓት እንደሆነ ስትጠይቀው ይቆጣል። «ሽጠህ ደህና ተጫዋች ግዛ» ብዬው ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ልክ ነው። ዘመድ ይሸጣል?

ስለዚህ የገጸ ባሕርያት ዕድር ይቋቋም እላለሁ። ጥሩምባ ነፊ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ክፍል ማስተዋወቂያ ማን እንደሚሞት አስቀድሞ ይናገራል። ለቅሶ በማስታወቂያ ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ድራማ እየታየ ሙሾ ማውረድ ያስቀጣል። ተነሥቶ ለሚመጣ ሟች የወጣው ገንዘብ ይመለስ። ይህችን አንቀጽ አትናቋት፤ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ገደል ከትቶ፣ በ1903 ደህና ነበር ብሎ ለአንባቢ አቅርቦታል። የአሥር ዓመት መዋጮ ማን ይመልሳል?

የሟች ባለቤት ከአርባው በኋላ ቡና ሊጠጡ እኛ ቤት መጡ። ፊታቸው ከስሏል። እናቴ ስለ ቆሎው ማረር እያወራች ቀዳችላቸው፤ ስለ ባላቸው ሳታነሣ እስከ ሁለተኛው ስኒ ደረሱ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አዩና፣

«ሐዘን ላይ ሆኜ ስንት ቀን አመለጠኝ! ያ አሊ የሚሉት ልጅ እንዴት ሆነ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች፣ ለእህቴም ውሃ እንድታመጣ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

«እትዬ» አለች፣ «በርቺ እንግዲህ… የሰው ልጅ መቼም…»

ገባቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እናቴም አቅፋቸው፣ በድንኳኑ ውስጥ ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች። ሁለቱም እስኪመሽ ተላቀሱ፤ እኔም ወደ ጓዳ ገብቼ ንፍሮ ጣድኩ።