ለጠርሙስ የተቀመጠ ሽማግሌ

ቶሪኖ፣ ኢጣሊያ

ይድረስ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እትዬስ? ጠጅ ቤቱስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። የማስታምማቸው ሲኞራም የደከመው እግራቸው ነው እንጂ ምላሳቸው ከእኔ ይፈጥናል።

ባለፈው እሑድ ለልደታቸው ልጆቻቸው ተሰበሰቡና ከምድር ቤት አንድ ጠርሙስ ባሮሎ ወጣ። ባሮሎ እዚሁ ፒየሞንቴ ውስጥ፣ ላንጌ በሚባል ኮረብታማ አገር፣ ኔቢዮሎ ከሚሉት ወይን የሚጠመቅ ቀይ ነው። የአሁኑ ሕግ ሳይሸጥ በፊት ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ፣ 18ቱንም በእንጨት በርሜል እንዲከርም ያዛል። የእኛው ጠርሙስ ላይ ደግሞ 1990 ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር እንዳይመስልዎ፤ ወይኑ የተለቀመው 1983 በገባ ሰሞን፣ ደርግ ገና ቤተ መንግሥት ሳለ ነው። ሟቹ ባለቤታቸው «ይቆይ፣ ይብሰል» ሲሉ እሳቸው ቀደሙት።

እንግዲህ ይጠጣል ወይስ ተበላሽቷል? እርስዎ ቢሆኑ በብርሌ ቀድተው፣ አንዴ ጎንጨት ብለው ፍርዱን ይሰጡ ነበር። እዚህ ግን ሳይከፈት ገና ሙግት ተነሣ። ትልቁ ልጅ ጠርሙሱን ወደ መብራት አንሥቶ አንገቱን መረመረ። ወይኑ ከቡሹ ሥር ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። በዚህ ዕድሜ ይህ ያለ ነው፤ ከትከሻው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን አየር ገብቶበታልና ምናልባት አቼቶ እንቀዳ ነበር። ቡሹ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ተፈርፍሮ ውስጥ ቀረ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያዝን እኔ የሻይ ማጥለያ አመጣሁ።

አማችየው አንድ ጊዜ የወይን ቅምሻ ትምህርት ተከታትሏል። ከዚያ ወዲህ ውኃም ሳያሸት አይጠጣም። ብርጭቆውን አዘንብሎ ዳሩ ወደ ብርቱካናማ መሄዱን አየና «ሞቷል» ብሎ አረዳን። ሲኞራ ተቆጡ፤ «ኔቢዮሎ ሲያረጅ መልኩ ይህ ነው! ያንተስ ጠጉር ድሮ ጥቁር አልነበረም?» እውነታቸውን ነው። የሚያሠጋው መሐሉ ድረስ ቡናማ ሆኖ ሲደፈርስ ነው። ስለ አተላው ለእርስዎ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ እንዲዘቅጥ ብዬ ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሬ አቁሜው ነበር።

ከዚያ አፍንጫ ተራውን ያዘ። መጀመሪያ የሸተተን ለዓመታት ያልተከፈተ ሣጥን ነው። አማችየው «የቡሽ በሽታ!» አለ። ይህን እንኳ ከንቱ ነው አልለውም። ሻጋታ ያገኘው ቡሽ ቲሲኤ የሚሉት ነገር ይለቅና፣ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ወይኑን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። አይገድልም፤ ግን ቢያናፍሱትም አይለቅም። ለረጅም ዘመን ታፍኖ የኖረ ወይን ሽታ ግን አየር ሲያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ፈተናው መጠበቅ ሆነ። አኞሎቲ የሚሉት ምግባቸው ቀዘቀዘ፣ ልጆቹ አለቀሱ፣ ሽማግሎቹ ብርጭቆ ላይ አፍጥጠው ተቀመጡ።

በመሐሉ አንዱ የጠርሙሱን ዋጋ በስልኩ ፈልጎ ጮክ ብሎ አነበበ። ክርክሩ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው። ደኅና ነው ያለ ሊያስጠጣው፣ ተበላሽቷል ያለ ሊያስደፋው ሆነና ሁሉም ቀድሞ መቅመስ ፈራ። ዋጋው ባይታወቅ ኖሮ ገና ድሮ ተጠጥቶ ነበር ባይ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲኞራ ትዕግሥታቸው አለቀና «አንቺ ቅመሺው፣ የምትወርሺው ነገር የለሽም» አሉኝ። አሸተትኩት። የሣጥኑ ሽታ ሄዷል፤ በምትኩ ጽጌረዳና፣ ይስቁብኛል እንጂ፣ ሬንጅ መጣ። ለባሮሎ ይህ ሙገሳ ነው ጋሼ! አስፋልት ሲነጠፍ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ሽታ እዚህ በዩሮ ይሸጣል። ስቀምሰው አይኮመጥጥም፣ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይፈላም። ሲያረጅ ለስልሷል እንጂ አልደከመም። «ደኅና ነው» አልኩ። አማችየው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ብርጭቆውን ዘረጋ።

ማታ ለሲኞራ የእርስዎን ጠጅ አሞገስኩላቸው። «የየትኛው ዓመት ነው?» ቢሉኝ «የማክሰኞ» አልኳቸው።

እትዬን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ