ሁሉም አድሚን የሆነበት ቤት

አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ምን ያህል እንደሚያከብር ለማወቅ የደመወዝ መክፈያውን ማገላበጥ አያስፈልግም። የሒሳብና የንብረት ሲስተሙን ያስከፍቱና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ይመልከቱ። በስማቸው ትይዩ «አድሚን»፣ ማለትም ባለሙሉ ሥልጣን፣ የተጻፈላቸው ሰዎች በበዙ ቁጥር፣ ያ ቤት ሰው አክባሪ፣ ይሉኝታ የሚያውቅ፣ ማንንም ቅር የማያሰኝ ቤት ነው። እኔ የማውቀው አንድ ድርጅት በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። ሥራ አስኪያጁ አድሚን ናቸው። ምክትላቸው አድሚን ናቸው። የምክትላቸው ጸሐፊ አድሚን ናት፤ ምክንያቱም ምክትሉ ኮምፒውተር አይወዱም። ለልምምድ መጥቶ የሄደ የኮሌጅ ተማሪም አድሚን ነው። ልጁ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ሥልጣኑ ግን ባለበት አለ።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች የነገሩ ምንጭ አልገባቸውም። አድሚን ያልሆነ ሰው አንዳንድ ቦታ ሲነካ «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። እስቲ አስቡት፤ ስንት ዘመን ያገለገለ የመምሪያ ኃላፊ፣ ሠርግ ላይ ከፊት የሚቀመጥ፣ ዕድሩን በዳኝነት የሚመራ ሰው፣ በገዛ ቢሮው፣ በገዛ ወንበሩ ላይ እንዳለ ትናንት የተገጠመ ሲስተም «አይፈቀድልዎትም» ሲለው! የበታቾቹ ቢያዩበትስ? ስለዚህ የአይቲው ልጅ ይጠራል። «ይሄ ነገር ምንድን ነው? እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ?» ይባላል። ልጁም የሰውየውን ማንነት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስተካክላል።

የደረጃ ጥማት ድሮም ነበረብን። ፊታውራሪ መጀመሪያ ከጦሩ ፊት የሚሰለፍ አዛዥ ነበር፤ ቀኛዝማችና ግራዝማችም ቀኝና ግራ ክንፉን የሚመሩ። ኋላ ኋላ ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅም ሰው ማዕረጉን ይቀበል ጀመር፤ አብዮቱ መጥቶ ሁሉንም ጠራርጎ እስኪወስደው ድረስ። ማዕረጉ ቀረ እንጂ ፍላጎቱ የትም አልሄደም። ዛሬ አንዳንዱ አድሚን ሲስተሙን ከፍቶ አያውቅም፤ ግን አድሚን ነው። ይኼው ነው የተፈለገውም።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ክብር አያውቁም። በ1975 እ.ኤ.አ. ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የሚባሉ ሁለት ምሁራን ስለ ኮምፒውተር መረጃ ጥበቃ ባሳተሙት ጥናት፣ ማንም ተጠቃሚ ሥራውን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚል መርህ አሰፈሩ። ጨካኞች! ከ17 ዓመት በኋላ ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባለሙያዎች ነገሩን አባሱት፤ ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሥራ ድርሻ ይሰጥ አሉ። በእነሱ ዘዴ ገንዘብ ያዥ የሚባል ቡድን ይፈጠራል፤ ገንዘብ ያዥ ማየትና መመዝገብ ያለበት ነገር ለቡድኑ ይሰጣል፤ ሰውየው ሲሾም ይገባበታል፣ ሲሻር ይወጣል። ሰው ይሄዳል፣ ድርሻው ይቀራል። ይህን ሐሳብ ያመጣ ሰው የአለቃውን ፊት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የአገራቸው ብሔራዊ ደረጃ አድርገው አጸደቁት።

እኛም ቡድን አልጠላንም። እንዲያውም በቡድን ብዛት የሚበልጠን የለም። ከላይ የጠቀስኩት ድርጅት ዝርዝር ውስጥ «ፋይናንስ» የሚባል ቡድን አለ። «ፋይናንስ 2» አለ። «ፋይናንስ አዲሱ» አለ። «ፋይናንስ አዲሱ ትክክለኛው» አለ፤ ይኼኛው ውስጥ ማንም የለበትም። «ቴስት» አለ፣ «ቴስት አይነካ» አለ። የማይነካውን ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ አንድ ጊዜ ደፋር ልጅ አጥፍቶት ደመወዝ አልወጣ ብሎ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ታቦት ይከበራል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የዝውውር ጉዳይ ነው። አንድ ትጉህ ሠራተኛ እንውሰድ። ግዢ ክፍል ተቀጠረ፤ የግዢ ማዘዣ የማውጣት ፈቃድ ተሰጠው። ንብረት ክፍል ተዛወረ፤ ዕቃ ገቢ የማድረግ ፈቃድ ተጨመረለት። ዕድገት አግኝቶ ሒሳብ ክፍል ገባ፤ ክፍያ የማጽደቅ ፈቃድ ተጨመረለት። የፊተኛውን ማን ይነሣዋል? የሰጡትን መንጠቅ ነውር ነው። ሲስተሙም ከነውሩ ጋር ይተባበራል፤ ኦዱን በመሳሰሉት የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ላይ አንድ ሰው ሦስት ቡድን ውስጥ ከገባ የሦስቱም ፈቃድ ይደመርለታል እንጂ አንዱ የሌላውን አይቀንስበትም። መደመር ያለ እንከን እንዲህ ሲሠራ ሌላ የትም አላየሁም። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ ጠዋት ሃምሳ ጎማ ያዛል። ረፋዱ ላይ ጎማው ገባ ብሎ ሞዴል 19 ይቆርጣል። ከምሳ መልስ ክፍያውን ያጸድቃል። ድሮ ሦስት ክፍል፣ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ጊዜ «ነገ ና» የሚጠይቅ ሥራ በአንድ ወንበር ላይ አለቀ። ጎማው የት አለ የሚል ካለ፣ እሱ ምቀኛ ነው።

በውጭ አገርም ይህን ቅልጥፍና የሞከሩ አልጠፉም። የእንግሊዙ ባሪንግስ ባንክ በሲንጋፖር ኒክ ሊሰን የሚባል ወጣት ነበረው። ገበያ ውስጥ ገብቶ የሚገዛና የሚሸጠውንም፣ የተገዛና የተሸጠውን መዝግቦ የሚያወራርደውንም ክፍል አንድ ላይ ሰጡት። ወጪ ቆጣቢ አሠራር ነው። ልጁ ኪሳራውን 88888 በሚል ሒሳብ ውስጥ እያስቀመጠ ለንደን ትርፍ ሲቆጥር ቆይቶ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲገለጥ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። ከ1762 ጀምሮ የቆየው ባንክ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ፈረንሳዮቹም አልቀሩም፤ የሶሲዬቴ ዤኔራሉ ዤሮም ኬርቪዬል ወደ ግብይት ከመዛወሩ በፊት ግብይትን የሚከታተለው ክፍል ውስጥ ሠርቶ ስለነበር ቁጥጥሩ የት ጋ እንደሚላላ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ባንኩ በእሱ ግብይት ሳቢያ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ ከሰረ። እኛ ዘንድ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ስጋት አይግባችሁ።

ባንኮቻችን በወጉ ሜከርና ቼከር አላቸው። አንዱ ይመዘግባል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል፤ ትልቅ ብር በአንድ ሰው እጅ እንዳይወጣ ነው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ቅርንጫፍ ተሰልፌ አይቻለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የአንድ ደንበኛ ወጪ መዝግባ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺን ያጽድቁልኝ።»

ሰውየው ስልክ ይዘዋል። እጃቸውን አወናጨፉ። «ገብተሽ አጽድቂያት የኔ ልጅ። ታውቂው የለ?»

«እምቢ አለኝ ጋሼ። ቀየሩት እንዴ?»

«እ! የትንሿ ልጄ ልደት ነው፤ ቀኑና ዓመቱ!»

«ጥር ነው የካቲት?»

«የካቲት፣ የካቲት!»

ከሰልፉ መሃል አንዲት እናት «እግዜር ያሳድግልህ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ገንዘቡም ወጣ፤ ሲስተሙ ላይ ሁለት ሰው አይቶታል።

በዚህ ሁሉ መሃል ማህተም እንዴት እንደሚያዝ ልብ በሉ። ክቡ ማህተም በካዝና ተቆልፎ ያድራል። ያዢዋ ለቅሶ ከሄዱ ጉዳይ አይፈጸምም፤ ደንበኛው ከቡሬ ይምጣ ከነገሌ «ማህተም ያዢዋ የሉም» ተብሎ ይመለሳል። ማህተሙን በውክልና ለመረካከብ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። መቶ ማህተም የማያደርሰውን ጥፋት በአንድ ጀምበር ሊያደርስ የሚችለው ፓስወርድ ግን በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ጥንቁቆቹ ከኪቦርዱ ሥር ያደርጉታል። የጽዳት ሠራተኛዋ በየቀኑ ታነሣና አቧራውን ጠርጋ መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች፤ እስከ ዛሬ እንዳልጠፋ ምስክር ናት።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ በደንቡ መሠረት ፈቃድ የሚሰጥበት ቤትም አለ። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን እንደቀረ ማየት ትፈልጋለች። ማየት ብቻ፤ መነካካት አይደለም። ቅጽ ትሞላለች። የቅርብ አለቃዋ ይፈርማል፣ የንብረት ክፍል አስተያየት ይሰጥበታል፣ ለአይቲ በሸኚ ደብዳቤ ይመራል፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት። ደብዳቤው ትሬይ ላይ ይተኛል። ደንበኛው ግን በር ላይ ቆሟል። ምን ታድርግ? የጎረቤቷን ፓስወርድ ትጠይቃለች። ጎረቤቷም አድሚን ነው። ካርቶን ለመቁጠር የተከለከለችው ልጅ የሁሉንም ሰው ደመወዝ፣ የባለቤቱን የባንክ ሒሳብና የሥራ አስኪያጁን አበል እያየች ካርቶኑን ትቆጥራለች። ቅጹ ከወር በኋላ «ተፈቅዷል» ተብሎ ሲመለስ ማህደሯ ውስጥ በሥርዓት ይታሰራል።

ሥራ የሚለቅ ሰው ደግሞ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ንብረት ክፍል ወንበሩንና ካልኩሌተሩን ይረከባል። ቤተ መጻሕፍት ምንም ዕዳ የለበትም ብሎ ይፈርማል፤ ቤተ መጻሕፍት የሌለው መሥሪያ ቤትም ቢሆን ቅጹ ላይ ስላለ የሆነ ሰው ይፈርማል። መታወቂያው ይወሰዳል፣ ብድርና ቁጠባ ይፈርማል፣ ስቴፕለሩ ይፈለጋል። ስቴፕለሩ ካልተገኘ ሰውየው አይሄድም። ስለ ዩዘሩ የሚጠይቅ አንድም ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል ነበር፤ ይህ ሲስተም ሳይኖር ነው የተባለው። ዛሬ የተሻረው ሰው ቤቱ ሆኖ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ተቀናቃኝ ድርጅት ተቀጥሮ፣ የድሮ ቤቱን የዋጋ ዝርዝር ያያል። ምን የሚቆጭ ነገር አለው?

ሕጉን የሚያነሡ አሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ የገባን ሰው ይቀጣል ይላሉ። ይቅጣ! የኛን ቤት ደግነት ያላወቀ ሰው ነው በዚህ የሚያስፈራራው። ያለ ፈቃድ ለመግባት መጀመሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መገኘት አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የደንበኛ ስልክና አድራሻ ማን እንደሚያይ ይጠየቃል አሉ። መልሱ ቤታችን ውስጥ ዝግጁ ነው፤ ማን እንደማያይ መዘርዘር ስለሚቀል ባዶ ወረቀት ይላካል።

ሲስተም ሠሪዎቹም ቢሆኑ ግራ ያጋባሉ። የጀርመኑ ሶፍትዌር አምራች ሳፕ በሲስተሙ ውስጥ «ሳፕ ኦል» የሚባል፣ ሁሉን የሚያስችል ፈቃድ አስቀምጧል። ለማንም እንዳይሰጥ፣ ለአጣዳፊ ችግር ብቻ እንዲቆይ አምራቹ ራሱ ይመክራል። የማይሰጥ ከሆነ ለምን ሠሩት?

በቀደም የውጭ ኦዲተሮች ወደዚያው ድርጅት መጡ። ወጣቷ ኦዲተር አንድ የተሰረዘ ደረሰኝ ላይ እስክሪብቶዋን አኖረች። «ይህን ማን ነው የሰረዘው?» አለች። የሒሳብ ኃላፊው ሲስተሙን ከፍተው አዩና «አድሚን» አሉ በኩራት፤ መረጃው መገኘቱ ራሱ አስደስቷቸዋል።

«አድሚን ማን ነው?»

ኃላፊው ወደ ምክትሉ አዩ። ምክትሉ ወደ ጸሐፊያቸው። ጸሐፊዋ ወደ ጣራው። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ወደ አይቲው ልጅ ዞሩ፤ ፕሪንተር ሊሠራ ገብቶ እጁን በቀለም አጥቁሮ የቆመው ልጅ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «እኔ እንኳ አድሚንነቴ ባለፈው ወር ተነሥቷል። አድሚን በዛ ተብሎ ይቀነስ ሲባል፣ ቅር የማይለው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ሦስት አባላት ያሉት። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው በሲስተሙ ላይ ማን ምን እንደሠራ በዝርዝር ማየት እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ለአምስቱም አድሚን ተከፈተላቸው።